ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት

ደባልቄ አንድ ጊዜ ዕቅድ ውስጥ የገባ ነገር እምቢ ይላል ብሎ አያምንም ነበር። እንዲህ ያለ እምነት ሰው ከእናቱ ሆድ ይዞት አይወለድም፤ እሱም ያገኘው ከቢሮው ነው። ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት በዚያ ዘመን አሶሳ ላይ የተከፈተው የፕላን ቢሮ ሥራ የጀመረው በሰባት ባለሙያ፣ በአራት ወንበርና በአንድ የጽሕፈት መኪና ነው። ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ የዘገየ መስኮት ተደግፎ ይውላል። ከዚያች ክፍል ግን በየቀኑ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የውሃ ጉድጓድ በወረቀት ላይ ተሠርቶ ይወጣ ነበር። ይህን ሲሠራ የዋለ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ እንስራው ባዶ ሆኖ፣ የፋኖሱ መስታወት በጥላሸት ጠቁሮ ቢያገኘውና ቢበሳጭ ይፈረድበታል?

እሱና ሚስቱ ለተማርያም ከጎጃም የመጡት በተጋቡ በዓመታቸው ነው፤ እሱ ለቢሮው፣ እሷ ደግሞ ለከተማው ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሆና። እትዬ ሂባ ከሚባሉ የበርታ ሴት ግቢ ውስጥ ግድግዳዋ ቀርከሃ የሆነች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ኑሮው ሁሉ በቀጠሮ ነበር። የቦኖ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ የከተማው ጄኔሬተር ለሦስት ሰዓት ያህል ያበራና ዝም ይላል፤ ምስጡ ደግሞ ለሳምንት ከዘነጉት ግድግዳውን ጨርሶ አልጋው እግር ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ባልና ሚስቱ እኩል ይረሱ ነበር። አንድ ዓርብ ለተማርያም ደባልቄ ይቀዳል ብላ፣ ደባልቄ ለተማርያም ትቀዳለች ብሎ፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ ከእትዬ ሂባ ጋን እየለመኑ ከረሙ።

የሰማንያ ስምንት በጀት ዓመት ሲጀመር ለባለሙያዎቹ ጥቁር ሽፋን ያለው አጀንዳ ታደለ። ደባልቄ አስፈቅዶ ሁለት ወሰደ፤ አንዱን ለቢሮ፣ አንዱን ለቤት። ሐምሌ አንድ ቀን ቅዳሜ ነበር የዋለው። ምሳ እንደበሉ ጠረጴዛውን አስጠረገ፣ ማስመሪያ አወጣ፣ ገጹን በአምስት ዓምድ ከፈለው፦ ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ ጊዜ፣ ፈጻሚ፣ አስተያየት።

«አሁን ይሄ ለቤት ነው?» አለች ለተማርያም፣ ሳቋን በመዳፏ ይዛ።

«ለቤት ነው። ቤት ከክልል በምን ያንሳል?»

አንደኛ፣ ውሃ መቅዳት፤ ማክሰኞ ደባልቄ፣ ዓርብ ለተማርያም። ሁለተኛ፣ የፋኖስ መስታወት መወልወል። ሦስተኛ፣ ግድግዳውን ዞሮ ምስጥ ማየትና የተቃጠለ ዘይት መቀባት። እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ስድስት ሄደ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ትንሽ አመነታና፣ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አጎንብሶ ጻፈው፦ «ልጅ። እርግዝና በመጀመሪያው ሩብ ዓመት፤ ወሊድ በአራተኛው።»

ለተማርያም በትከሻው በኩል አንብባ ከት ብላ ሳቀች። «ፈጻሚው ማነው?»

«ሁለታችንም» አለ ደባልቄ፣ ቀና ሳይል።

እውነቱን ለመናገር አጀንዳው ሠራ። ውሃ ያመለጣቸው ቀን የለም። ፋኖሱ አበራ፣ ምስጡም ሌላ ቤት ፈለገ። ለተማርያምም ጨዋታው ጣማትና የራሷን መጨመር ጀመረች። «የደባልቄን ፀጉር ማስተካከል፤ ፈጻሚ ለተ» ትላለች። «እሁድ ጠዋት ወደ ቢሮ አለመሄድ፤ ፈጻሚ ደባልቄ» ትላለች። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ግምገማ ላይ ነበርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለቱ ብቻ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይገመግሙ ጀመር። ደባልቄ ተነሥቶ «ረቡዕ እንጨት አላስፈለጥኩም፤ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» ሲል ለተማርያም በሳቅ ትንፈራፈራለች። ደግ ጊዜ ነበር። ያኔ ያያቸው ሰው በቅናት ዓይኑ ይቀላ ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ደባልቄ የሦስት ወሩን ሪፖርት አጠናቀረ። አሥራ ሰባተኛው ተራ አስተያየት ሥር፣ ቢሮው ለቀረ መንገድና ላልተቆፈረ ጉድጓድ የሚጽፈውን ጻፈ፦ «አልተከናወነም። ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት ተላልፏል።» ለተማርያም ሳቀች። በታኅሣሥ መጨረሻም ያንኑ ሲጽፍ ፈገግ አለች። በመጋቢት መጨረሻ ዝም አለች። ሰኔ ላይ ደባልቄ ዘፈን እያንጎራጎረ፣ ያንኑ ቃል በዚያው ጥሩ የእጅ ጽሕፈቱ አሰፈረና በአዲሱ ዓመት አጀንዳ ላይ ተራ ቁጥሩን ሳይለውጥ ገለበጠው። ለተማርያም ብድግ ብላ ወደ ግቢው ወጣች።

ልብ አላለም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሚስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል። ነገር ግን «ተላልፏል» የሚለው ቃል ለእሱ የተስፋ ቃል ነው። ቢሮው ውስጥ የተላለፈ ነገር አልሞተም ማለት ነው፤ ደባልቄም የሚጽፈው ሊያጽናናት እየመሰለው ነበር። በየሦስት ወሩ ጉድለቷን ፊቷ ላይ እንደሚያነብባት የነገረው ሰው የለም። በሰማንያ ዘጠኝ እሷ በግምገማው ላይ መቀመጥ ተወች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እትዬ ሂባ ዘንድ ሄዳ ባሚያ ስትከትፍ ትውላለች፤ ደባልቄ ለብቻው ይገመግማል። ቤቱ ጸጥ አለ። ሥራው ሁሉ በቀኑና በሰዓቱ ስለሚከናወን፣ ደባልቄ ጸጥታውን የሰላም ምልክት አደረገው።

መጋቢት ሃያ፣ የሦስተኛውን ሩብ ዓመት ሪፖርት ሊያዘጋጅ ተቀምጦ ዝርዝሩን እስከ ታች ሲወርድ፣ ማብቂያው ላይ እሱ ያልጻፈው ተራ አገኘ። የለተማርያም ጽሕፈት ነው፤ በማስመሪያው መስመር ላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል። «አርባ አንድ። ወደ ፍኖተ ሰላም በዝውውር መሄድ። ጊዜ፦ አራተኛው ሩብ ዓመት። ፈጻሚ፦ ለተማርያም፣ ለብቻዋ።»

አጀንዳውን እንደያዘ ወጣ። ለተማርያም የገበያ ዘንቢሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለተ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዕቅድ ነው።»

«ሳንመካከር?»

«ጽፌልሃለሁ እኮ» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። «ሌላ የምታነበው ነገር ስለሌለህ ነው እዚያ ላይ የጻፍኩት። ማመልከቻውን ካስገባሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። መልሱ ሚያዝያ ውስጥ ይመጣል ብለውኛል።»

«ምን አደረግሁሽ?»

አየችው። ዘንቢሏን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ገበያው ወረደች።

ደባልቄ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አጀንዳ የሚገለጠው ወደ ፊት ነው፤ ያለፈን ገጽ ገልጦ የማየት ልማድ አልነበረውም። ያን ዕለት ግን ምን እንደበደለ ሊያገኝ ወደ ኋላ ገለጠ። ገጾቹ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣ ጉንዳን በሚያህሉ ፊደላት የተጻፈ ነገር አለ።

«መስከረም 23። የወር አበባዬ መጣ። አለቀስኩ። ተከናውኗል።»

«ጥቅምት 21። መጣ። አለቀስኩ። ተከናውኗል።»

ደባልቄ እያንዳንዱን ቀን ያውቀዋል። ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን እሱ ግድግዳውን ዘይት ሲቀባ ነው የዋለው፤ እሷም ቆርቆሮውን ይዛለት ነበር። ሲቀባበሉ ፊቷን አላየም። ገለጠ።

«ኅዳር 12። ሐኪም ቤት ከእትዬ ሂባ ጋር። ለሦስተኛ ጊዜ። አንቺ ምንም የለብሽም፣ ባልሽን ላኪልን አሉኝ። ለደባልቄ መንገር።»

«ታኅሣሥ 30። ለደባልቄ መንገር። አልተከናወነም። ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት ተላልፏል።»

«ጥር 15። ዛሬ ልነግረው ነበር። ደስ ብሎት እየዘፈነ ገባ። ተውኩት።»

«የካቲት 29። እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ይሰበርብኛል።»

ከዚያ ወዲያ በእርሳስ የተጻፈ የለም። ቀጥሎ ያለው በብዕር የተጻፈው አርባ አንደኛው ተራ ነው።

አራት ወር ሙሉ፣ እሱ ጉድለቱን ሲጽፍላት፣ እሷ ጉድለቱ የእሱ መሆኑን እያወቀች ዝም ብላለች። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ «እኔ አይደለሁም» አላለችም። እንደ ፈረደባት ተሸክማው ኖራለች። ደባልቄ ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ።

እትዬ ሂባ ማንጎው ሥር ተቀምጠው፣ ቶብ የሚባለውን የሱዳን መጎናጸፊያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ማሽላ ያበጥራሉ። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ተነሥተው እዚህ ግቢ ከገቡ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰባት ወልደው አራት ቀብረዋል፤ የሰው ኀዘን ሲያዩ አይደናገጡም።

«እትዬ ሂባ፣ ያውቁ ነበር?»

ቀና ብለው አዩትና አጀንዳውን በአገጫቸው አመለከቱት፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ወረቀት ነገረህ? አልሐምዱሊላህ። ሐኪም ቤት እኔ ነው የወሰደ። ሦስት ጊዜ ሄደ። ለተ ‹ለእሱ እንዳትነግር› አለ። እኔ አልነገረም።»

«ለምን ደበቀችኝ?»

«አንተን ይወዳል። ወላሂ፣ በጣም ይወዳል።» ማሽላውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንጓለሉት። «አንተ ወረቀት በጣም ያያል። ቤት ውስጥ ሰው አለ፤ እሱን አያይም። ለተ እዚህ እኔ ጋር ያለቅሳል፣ ፊት ይታጠባል፣ ወደ አንተ ይሄዳል። አንተ ‹ውሃ ተቀዳ?› ይላል።»

ደባልቄ አጀንዳውን ዘጋ።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮ አስፈቅዶ ሐኪም ቤት ሄደ። ዶክተር ሁንዴሳ የሚባል፣ እንደ እሱ ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ሐኪም ተቀበለው። ስለ ምርመራው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ላብራቶሪው በር ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ከጎኑ የተቀመጡት ሁሉ ለምን እንደመጣ የሚያውቁ እየመሰለው የግድግዳውን ስንጥቅ ሲቆጥር ቆየ። በመጨረሻ ሐኪሙ አስገባው።

«የዘርህ ቁጥር አነስተኛ ነው» አለ ዶክተር ሁንዴሳ። «ፈጽሞ አይሆንም አልልህም። ሆኖ ያየሁት አለ። ግን መቼ እንደሚሆን፣ ይሁን አይሁን፣ እኔም ልነግርህ አልችልም። ሚስትህ ደህና ናት፤ ጠንካራ ሴት ናት። ስትመጣ ሁሌ አንተን ሥራ በዝቶበት ነው ትለኝ ነበር።»

ደባልቄ ቤት ሲደርስ ለተማርያም ከትምህርት ቤት ተመልሳ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ከፊቷ ቆመ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ መግቢያም መደምደሚያም ያለው። አፉን ሲከፍት ንግግሩ ጠፋበት።

«ሐኪም ቤት ሄጄ መጣሁ። እኔ ነኝ፣ ለተ። ከእኔ ነው።»

ቀዩ እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ። «አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ማወቅሽን አንብቤያለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤያለሁ።» «አሁን የምልሽን ስሚኝ። ዝውውሩ ሲመጣ ሂጂ። እኔ ራሴ አውቶቡስ ላይ አሳፍርሻለሁ። ገና ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው። ከሌላ ሰው ትወልጃለሽ። አልቀየምሽም። ለቤተሰብሽም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በእጄ ጽፌ እሰጥሻለሁ።»

ይህን ሲል እውነቱን ነበር። ለተማርያም ግን እስክሪብቶውን ወርውራ ብድግ አለች። በሦስት ዓመት ትዳራቸው እንደዚያ ተቆጥታ አይቷት አያውቅም።

«ልጅ ስላጣሁ የምሄድ መሰለህ?» አለች። «አንተ ደንቆሮ! ልጅ ስላጣሁ አይደለም ዝውውር የጠየቅሁት። ሰው ስላጣሁ ነው። ሲመጣብኝ ‹ለተ መጣብሽ እንዴ? አይዞሽ› የሚለኝ ሰው። አንድ ቀን! አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? በየሦስት ወሩ ግን ትጽፍብኛለህ። አሁንም ደግሞ አውቶቡስ ታሳፍረኛለህ፣ ለቤተሰብ ትጽፋለህ። ይኸው ዕቅድ እያወጣህልኝ ነው እኮ!»

ደባልቄ ተቀመጠ፤ ወንበር ላይ አይደለም፣ መሬቱ ላይ፣ እግሯ አጠገብ።

«አላወቅሁም» አለ። «የማጽናናሽ መስሎኝ ነበር።»

«ይሄንን አውቃለሁ» አለች፣ ንዴቷ ሳይበርድ። «ባላውቅማ ኖሮ አምና ሄጄ ነበር።»

«ማመልከቻውን ትተዪዋለሽ?»

«እንጃ፣ ደባልቄ። እውነቴን ነው፤ እንጃ።»

እንጃ ብላ ተወችው፤ እሱም አልጨቀጨቃትም። ከዚያ ቀጥሎ የመጡት ሳምንታት ለደባልቄ ከባድ ነበሩ። አጀንዳውን አላቃጠለም፤ ውሃ ማክሰኞና ዓርብ መምጣቱን አልተወምና። የቅዳሜው ግምገማ ግን ቀረ። በፈንታው እትዬ ሂባ ዘንድ አብሯት ሄዶ ባሚያ ይከትፍ ጀመር፤ የሚከትፈውም አስቀያሚ አድርጎ ነው፣ ሴትዮዋ እየሳቁበት። ማታ ማታ ምን ሆነሽ ዋልሽ ይላታል። አንዳንዱን ቀን ትነግረዋለች። አንዳንዱን ቀን «ምንም» ትላለች፤ ያኔም ምንም የሚለውን ቃል ተቀብሎ አጠገቧ ይቀመጣል። አብሮ መሆንን ገና እንደሚማር ሰው ይደነቃቀፍ ነበር። ልቡ ግን በየቀኑ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ ይጠብቃል። መስኮቱ ሥር ብስክሌት በቆመ ቁጥር ብድግ ይላል።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የፕላን ቢሮው ሰባቱንም ባለሙያዎች ለዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ሰበሰበ። ኃላፊው አቶ ጀዕፈር በመሀል ተቀምጠዋል፤ ደባልቄ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያብራራል። የሩብ ዓመቱ ትልቁ ቀን ነው። ለዚህ ቀን ሦስት ሳምንት ሠርቷል። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ፀሐዩ ውስጥ ለተማርያምን አያት።

ቢሮው መጥታ አታውቅም። ክፍሏ ውስጥ መሆን የነበረባት ሰዓት ነው። ከደጁ ቆማለች፤ ነጠላዋ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ፤ ፊቷ የማልቀስና ያለማልቀስ ድንበር ላይ ነው። አልጠራችውም። ቆማ ብቻ ታየዋለች።

ደባልቄ ሠንጠረዡን የሚያመለክትበትን ዘንግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይቅርታ፣ አቶ ጀዕፈር» አለ። «ቤቴ ይፈልገኛል።»

«ሪፖርቱስ?» አሉ ኃላፊው።

«ሪፖርቱ እዚያው አለ። ሌላ ሰው ያንብበው።» ስድስቱ ባለሙያዎች እርስ በርስ ሲተያዩ እሱ ወጥቷል።

አጠገቧ ደረሰ።

«መጣ» አለች። «ዛሬ ጠዋት። በዚህ ወር ስድስት ቀን ዘግይቶብኝ ነበር። አስቤ ነበር... አልነገርኩህም እንጂ ትንሽ አስቤ ነበር።»

ደባልቄ አይዞሽ ማለት ፈልጎ አልሆነለትም። ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። በቀትር፣ በዋናው መንገድ፣ ባልና ሚስት ተቃቅፎ መሄድ ባልተለመደበት ከተማ፣ አቅፏት መሄድ ጀመረ። ከሻይ ቤቱ በረንዳ ሰዎች ዞረው አዩዋቸው። አንድ የሚያውቀው የሥራ ባልደረባ ሰላም ሊለው እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። ደባልቄ አንዱንም አላየም፤ እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር ለማስተካከል ብቻ ነበር የሚጥረው።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆመች።

«እዚህ ጠብቀኝ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ለምን እንደገባች አላወቀም። ደብዳቤዋ ደርሶ እንደሆነ አሰበ፤ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አሰበና ማሰቡን አቆመ። ያልመጣው ልጅ ስድስት ቀን ሙሉ እቤቱ ውስጥ እንደነበረ፣ እሷም ለብቻዋ ስትጠብቀው እንደሰነበተች ታሰበው። ያኔ እንባው መጣ። አጥሩን ተደግፎ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው፣ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር።

ለተማርያም ስትወጣ ያስገባችውን የዝውውር ማመልከቻ መልሳ ወስዳ፣ ለአራት አጥፋ በእጇ ይዛለች። አየችው። ሮጣ መጣችና ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከትታለት፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን መጥረግ ጀመረች።